ማይክሮቺፕ ወይስ የአንገት መታወቂያ፦ ውሻ ሲጠፋ የትኛው ይደርሳል?

የጠፋ ውሻን መጀመሪያ የሚያገኘው የእንስሳት ሐኪም አይደለም። መንገደኛ፣ ጎረቤት ወይም መኪናውን ዳር ያቆመ ሾፌር ነው፤ በእጁ ያለውም ስልክ ብቻ ነው። ውሻው አንገት ላይ የሚነበብ ቁጥር ካለ ይደውላል፣ ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ቁጥር ከሌለ ግን ውሻውን ይዞ የቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚገባ፣ ቁጥር የያዘ ትንሽ እንክብል) ማንበቢያ ወዳለበት ክሊኒክ ወይም መጠለያ መሄድ ሊኖርበት ነው። መሽቶ ክሊኒኩ ተዘግቶ ይሆናል፣ ውሻው መኪና አልገባም ይል ይሆናል፣ ሰውየውም ሥራ ይረፍድበታል። ብዙ ደግ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እዚህም ይሠራል።

ስለዚህ ሁለቱን መታወቂያዎች የመዘንነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በምን መሣሪያ ያነበዋል? የአንገቱ መታወቂያ ማንም ሰው በማንኛውም ሰዓት በዓይኑ ያነበዋል፤ ነገር ግን የአንገት ማሰሪያው ከወለቀ ወይም ሰው ሆን ብሎ ከፈታው ዋጋ የለውም። ማይክሮቺፕ አይወልቅም፣ አይፈታም፣ ውሻው እስካለ አብሮት ይኖራል፤ ነገር ግን ያለ ማንበቢያና ያለ መዝገብ ዝም ያለ መስታወት ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ዛሬ ማታ አንዱን ብቻ ማድረግ የሚችል ሰው ግን የአንገቱን ያስቀድም። በእንግሊዝ ሕጉ ራሱ ሁለቱንም ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የውሾች ቁጥጥር ትእዛዝ፣ ውሻ ወደ አደባባይ ሲወጣ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ያለበት የአንገት ማሰሪያ ወይም ታግ (ማሰሪያው ላይ የሚደረግ ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ሰሌዳ) እንዲያደርግ ያዛል። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ ደግሞ 8 ሳምንት የሞላው ውሻ ቺፕ እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል። ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው አልተሻረም።

የታጉ ብረት፣ ፊደሉና ቀለበቱ

ታግ ሲገዛ ሰው ቅርጹንና ቀለሙን ያያል። መታየት ያለበት ግን ጽሑፉ በምን እንደተሠራ ነው። ባለቀለም አሉሚኒየም ቀላልና ዓይን የሚስብ ነው፤ ቀለሙ ግን ላዩ ላይ ያለ ስስ ሽፋን ነው። ሌዘሩ የሚጽፈው ያንን ሽፋን በመላጥ ስለሆነ፣ ታጉ ከእብድ ውሻ ክትባት ታግ ወይም ከማሰሪያው ቀለበት ጋር ቀን ከሌት ሲፋተግ ቀለሙም ጽሑፉም አብረው ይሄዳሉ። ናስ ክብደት አለው፣ በጥልቀት ሊቀረጽም ይችላል፤ ለስላሳ ብረት ስለሆነ ግን ጠርዙ ይበላል፣ እየጠቆረም ስለሚሄድ አልፎ አልፎ መወልወል ይፈልጋል። ፕላስቲክ ድምፅ የለውም፣ ቀዳዳው አካባቢ ግን ይሰነጠቃል፤ የሚያኝክ ቡችላ ላይ ደግሞ ባይደረግ ይመረጣል። ለረጅም ጊዜ የምንመርጠው በጥልቀት የተቀረጸ ስቴንለስ ስቲል ነው። በቀላሉ አይዝግም፣ ጨው ውኃም በቀላሉ አይበላውም፣ ሌሎቹ ለስላሳ ብረቶች ሲፋተጉት እነሱ ያልቃሉ እንጂ እሱ አያልቅም።

ጥልቀቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የአውራ ጣትን ጥፍር በፊደሎቹ ላይ አግድም ይጎትቱ። ጥፍሩ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ያዝ ለቀቅ ካደረገ ጽሑፉ ብረቱ ውስጥ ገብቷል። እንደ መስታወት ካንሸራተተ ግን ላዩ ላይ የተቃጠለ ጥላ ብቻ ነው። አንዳንድ ሠሪዎች የተቀረጸውን በጥቁር ቀለም ይሞሉታል፤ ያ ቀለም ቢረግፍም ጉድጓዱ ስለሚቀር ወረቀት ደርቦ በእርሳስ ጠርዝ ማሸት ቁጥሩን መልሶ ያወጣዋል። ስስ የሌዘር ጽሑፍ ላይ ይህ አይሠራም።

ከጽሑፉ በፊት የሚከዳው ግን ቀለበቱ ነው። አብረው የሚሸጡት የቁልፍ መያዣ ዓይነት ቀለበቶች ሽቦአቸው ቀጭን ከሆነ፣ አጥር ወይም ቁጥቋጦ ላይ አንዴ ሲያዙ ጥምዝምዛቸው ይከፈትና ታጉ ተንሸራቶ ይወድቃል። ባለቤቱ የሚያውቀው ከሳምንት በኋላ ነው። ቀለበቱን በጥፍር ያለ ችግር መክፈት ከተቻለ ለውሻ አይሆንም፤ ለመክፈት ፒንሳ የሚያስቸግር መሆን አለበት። ቆልማማ ሽቦ ያላቸው ታጎች ደግሞ ሁለቱ ጫፎች በፒንሳ ተጨፍልቀው ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ ካልተዘጋ እንደተሰቀሉ አይቆዩም። ከገጠሙ በኋላ ማሰሪያውን በአንድ እጅ፣ ታጉን በሌላው ይዘው ጠበቅ አድርገው ይሳቡ። የቀለበቱ ሽቦ መሃል ብርሃን ከታየ ይቀየር።

ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያስቀረው በማሰሪያው ላይ የሚተኛው ጠፍጣፋ ታግ ነው። ማሰሪያው ውስጡ እንዲያልፍ ተደርጎ የተሠራ ወይም በሪቬት የተመታ ሰሌዳ ነው፤ አይንጠለጠልም፣ አይንኳኳም፣ የብረት ሳጥን ፍርግርግ ውስጥ ገብቶ ውሻውን አያንቅም። ሲታዘዝ የማሰሪያው ስፋት በሚሊሜትር ይለካ፤ 15፣ 20 እና 25 የተለመዱት ናቸው። ለ25 የተሠራው በ20 ማሰሪያ ላይ ከገባ እየተንሸራተተ ጉሮሮ ሥር ይደበቃል። አንድ ድክመቱን አንሸሽግም፦ ጠጉሩ ረጅም የሆነ ውሻ ላይ አይታይም፤ ውሻውን ያገኘ ሰውም የሚንጠለጠል ነገር ፈልጎ ሲያጣ ምንም የለውም ብሎ ሊተው ይችላል። ለአጭር ጠጉር ውሻ ግን ከሁሉም በላይ የምንወደው ይህ ነው። ለባለ ረጅም ጠጉሩ የሚንጠለጠለው ይሻላል፤ ለትንሽ ውሻ ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር፣ ለመካከለኛና ለትልቅ 30 አካባቢ ይበቃል።

ምን ይጻፍበት? ስልክ ቁጥር፣ ከዚያም ሌላ ስልክ ቁጥር። ሁለተኛው የዚያው ቤት ሰው ባይሆን ጥሩ ነው፤ ቤተሰቡ በአውሮፕላን ላይ እያለ ወይም አንድ ላይ ውሻውን ፍለጋ ኔትወርክ የሌለበት ሲገባ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል። ድንበር ለሚሻገር ውሻ የአገሩ መለያ ቁጥር ከፊት ይግባ። ቦታ ከተረፈ «ቺፕ አለው» ማለት ያገኘው ሰው ውሻው ባለቤት እንዳለው በማስረጃ ማሳየት እንደሚቻል እንዲያውቅ ያደርጋል፤ በእርግጥ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም «መድኃኒት ይወስዳል» የሚለው ሁለት ቃል ያገኘውን ሰው ያስቸኩለዋል። የውሻው ስም መጻፉ ላይ ሰዎች ይከራከራሉ፤ እኛ ቦታ ካለ ይግባ፣ ከሌለ ይቅር እንላለን፤ ስም አይደወልበትም። ከሁሉ በላይ ፊደሉ ይተልቅ። ታጉን ክንድ ዘርግተው ማንበብ ካቃተዎት፣ ዝም ብሎ የማይቆም ውሻ ላይ፣ በምሽት፣ ሌላ ሰው አያነበውም። እንደመጣልዎት በታጉ ላይ ያለውን ቁጥር በሌላ ስልክ ይደውሉበት። አንድ አኃዝ ተሳስቶ የተቀረጸ ታግ ከአንገቱ ባዶ ውሻ ይብሳል፤ ባለቤቱን ያዘናጋዋልና።

ማሰሪያው ራሱ ሁለት ጣት ብቻ እንዲያስገባ ሆኖ ይጥበቅ። ወደ ኋላ እየጎተተ ጭንቅላቱን የሚያወጣ ውሻ፣ በተለይ ጭንቅላቱ ከአንገቱ የቀጠነ፣ ሲጎተት በመጠኑ የሚጠብቀው ማርቲንጌል የሚባለው ይሻለዋል። የሚያድግ ቡችላ ማሰሪያ በየሳምንቱ ይፈተሽ። ማታ ወይም ሲታጠብ ማሰሪያው የሚፈታለት ውሻ ደግሞ በዚያች ሰዓት ከወጣ ያለ መታወቂያ ነው የወጣው። የቺፑ ተራ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ከቆዳ ሥር ያለው

የተለመደው ማይክሮቺፕ ርዝመቱ 12 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል የመስታወት እንክብል ነው። ውስጡ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት አንቴናና ቁጥር የያዘ ትንሽ ቺፕ አለ። ባትሪ የለውም። ማንበቢያው ሲቀርበው ከሚወጣው ማዕበል ጉልበት ያገኝና ቁጥሩን መልሶ ይልካል፤ ማንበቢያው ሲርቅ ይተኛል። ስለዚህ የሚያልቅበት ነገር የለም፤ ውሻው የት እንዳለ ግን አያሳይም። ቺፕ ጂፒኤስ አይደለም፤ ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ቺፕ ያስገባ ሰው ውሻው ሲጠፋ «በካርታ አሳዩኝ» ብሎ ክሊኒክ ይመጣል።

ሲገዛ የአይኤስኦ (የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) 11784 እና 11785 ደረጃ የሚከተል፣ በ134.2 ኪሎኸርዝ የሚሠራና ባለ 15 አኃዝ መሆኑ ይረጋገጥ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ወይ የአገር መለያ ወይ ከ900 ጀምሮ የሚቆጠር የአምራች መለያ ናቸው። በ125 እና በ128 ኪሎኸርዝ የሚሠሩ 9 ወይም 10 አኃዝ ያላቸው አሮጌ ቺፖችም አሉ፤ አንድ ድግግሞሽ ብቻ የሚያነብ ርካሽ ማንበቢያ እነዚህን «የለም» ብሎ ያልፋቸዋል። 8 በ1.4 ሚሊሜትር የሆነው ትንሹ ቺፕ መርፌው ቀጭን ስለሆነ ለቡችላና ለትናንሽ ዝርያዎች ይመቻል። አንቴናው ስላነሰ ግን የሚነበበው ከቀረበ ርቀት ነው፤ አንገቱ ወፍራምና ጠጉሩ ጥቅጥቅ ላለ ትልቅ ውሻ መደበኛውን እንመርጣለን።

አገባቡ ከክትባት መርፌ ብዙ አይለይም፣ ማደንዘዣም አይፈልግም፤ መርፌው ግን ወፈር ይላል። ጥሩ ባለሙያ የሚለየው በሚያነብበት ጊዜ ብዛት ነው፤ ሦስት ጊዜ ያነባል። መጀመሪያ ውሻውን፣ ቀድሞ ቺፕ ሊኖረው ስለሚችል። ቀጥሎ ቺፑን በማሸጊያው ውስጥ እንዳለ፣ የሚሠራ መሆኑንና ቁጥሩ ከተለጣፊው ጋር አንድ መሆኑን ለማየት። ከዚያ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሃል ቆዳውን በጣት አንስቶ መርፌውን ያስገባል፣ ይገፋል፣ ሲያወጣ ቀዳዳውን በጣቱ ለአፍታ ይጫናል፤ በመጨረሻም እንደገና ያነባል። ይህ የመጨረሻው ንባብ ከተዘለለ ቺፑ በቀዳዳው ተመልሶ ወጥቶ ጠጉሩ ውስጥ ተሰክቶ ቢሆን የሚያውቅ የለም። በብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚገባው በአንገት ግራ ጎን በመሆኑ ከዚያ የመጣ ውሻ ትከሻው መሃል ብቻ ተፈልጎ አይተው። በዚያው ቀን ቦታውን ማሸትና ማጠብ አይመከርም።

በጊዜ ብዛት የሚያጋጥመው ችግር መንሸራተት ነው፤ ቺፑ ወደ ትከሻ ጎን፣ ወደ ክርን ወይም ወደ ደረት ይወርዳል። ለጤናው አይከፋም፤ የሚከፋው የሚፈልገው ሰው ቦታውን ሲስት ነው። አንዳንድ አምራቾች ሥጋው እንዲይዘው ጫፉ ላይ ሸካራ ሽፋን ያደርጉበታል፤ ምርጫ ካለ ይህ ይመረጥ።

ከማሸጊያው ጋር የሚመጡት ባለ ባር ኮድ ተለጣፊዎች አይጣሉ። አንዱ በክትባት ደብተሩ፣ አንዱ በክሊኒኩ ካርድ ላይ ይለጠፍ፤ ሌላው ቤት ይቀመጥ፣ በስልክም ፎቶ ይነሳ። ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚጓዝ ውሻ ካለ ደግሞ ቅደም ተከተሉ አይሳሳት፦ ቺፑ ከእብድ ውሻ ክትባት በፊት ወይም በዚያው ቀን ክትባቱ ሳይሰጥ መግባት አለበት። ቺፕ ሳይገባ የተሰጠ ክትባት ለጉዞው አይቆጠርም፤ እንደገና መከተብ ይመጣል።

ቁጥሩ ብቻውን ማንንም አይጠራም

ቺፑ ውስጥ ስም የለም፣ ስልክም የለም። 15 አኃዝ ብቻ ነው። ስልክዎ ያለው አንድ ድርጅት መዝገብ ውስጥ ነው፤ ክሊኒኩ ቺፑን ስላስገባ ብቻ መዝገቡ ላይ ወጥተዋል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት ነገሩን በቁጥር ያሳያል። በ53 መጠለያዎች የተገኙ 7,704 ቺፕ ያላቸው እንስሳትን የተከተለ ነበር። ቺፕ ካላቸው የጠፉ ውሾች 52.2 ከመቶ ወደ ባለቤታቸው ሲመለሱ፣ በመጠለያዎቹ ከገቡት የጠፉ ውሾች በጠቅላላ የተመለሱት 21.9 ከመቶ ነበሩ። ልዩነቱን ሁሉ ለቺፑ መስጠት አይገባም፤ ከጠቅላላው ውስጥ መጀመሪያውኑ ባለቤት ያልነበራቸውም አሉና፤ ቺፕ የሚያስገባ ሰው ውሻውን አጥብቆ የሚፈልግ ሰውም ነው። ይበልጥ የሚያስተምረው ባለቤት ያልተገኘበት ምክንያት ነው። 35.4 ከመቶው ስልኩ የተሳሳተ ወይም የተቋረጠ ነበር። 24.3 ከመቶው ባለቤቱ ለስልክ ወይም ለደብዳቤ መልስ አልሰጠም። 17.2 ከመቶው ቺፑ ከአምራቹ ሌላ በሆነ መዝገብ ላይ ተመዝግቦ ነበር። 9.8 ከመቶው ጭራሽ አልተመዘገበም። ቺፑ ሥራውን ጨርሶ ነበር፤ የጠፋው የስልክ መስመሩ ነው።

ስለዚህ ቺፕ ከገባ በኋላ ቁጥሩን ራስዎ ያስመዝግቡ፣ ማረጋገጫውን ይቀበሉ፣ ከዚያ እንደ ባዕድ ሆነው ቁጥሩን ይፈልጉት። በአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች ማኅበር ያዘጋጀው የጋራ መፈለጊያ፣ በአውሮፓ ደግሞ ዩሮፔትኔት ቁጥሩ በየትኛው መዝገብ እንዳለ ይጠቁማሉ። የባለቤቱን ስልክ ለማንም አያሳዩም፤ መደረግም ያለበት እንደዚያ ነው። አገር አቀፍ መዝገብ በሌለበት አካባቢ ከአገር ውጭ የሚሠራ መዝገብ ሲመረጥ፣ ስልክ መቀየር ነፃ የሆነበት ይመረጥ፤ ለእያንዳንዱ ለውጥ የሚያስከፍል መዝገብ ላይ ሰው ለውጡን ያዘገያል። በዚህ ሁኔታ ክሊኒኩ ካርድ ላይ የተለጠፈው ተለጣፊ እውነተኛ ዋጋ አለው፤ የአካባቢው ሐኪም በመዝገቡ ባያገኘው በካርዱ ያገኘዋልና። መዝገብ የሚይዝ ድርጅትም ሊዘጋ ስለሚችል፣ በየዓመቱ በክትባት ቀን ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ ቺፑ ይነበባል? ቁጥሩስ በመዝገቡ ሲፈለግ ይወጣል?

ማንበቢያ አያያዝ

መጠለያና ክሊኒክ ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች አንድ ቃል። ቺፕ ያለው ውሻ «የለውም» ተብሎ የሚያልፈው በብዛት በችኮላ ነው። ብረት ያለበት ማሰሪያ ይውለቅ፣ ከብረት ጠረጴዛና ከኮምፒውተር ራቅ ይባል፣ የማንበቢያው ባትሪ ይታይ። ማንበቢያው ጠጉሩን እስኪነካ ተጠግቶ፣ ቁልፉ ተጭኖ ሳይለቀቅ፣ በሰከንድ ከ15 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ይንቀሳቀስ፤ ይህም እጅ የሰነፈ እስኪመስል ቀስ ማለት ነው። ከትከሻ መሃል ተነስቶ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ወደ ጀርባ ይውረድ፣ ከዚያ ያው በአግድም ይደገም። ሁለተኛው ዙር ትርፍ ሥራ አይደለም፤ ቺፑ ከማንበቢያው አንጻር የተኛበት አቅጣጫ ካልተስማማ አንቴናው አይነቃም፤ አቅጣጫ ሲቀየር ያው ቺፕ ወዲያው ይነበባል። ቀጥሎ የአንገት ጎንና ጎን፣ ትከሻዎች፣ የፊት እግሮች እስከ ክርን፣ ደረት። አንድ ጊዜ አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ውሻው ሲገባ፣ በማግስቱና ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ በፊት ይደገም።

በስልክ ቺፕ ማንበብ ይቻላል የሚል ወሬ አለ። አይቻልም። የስልክ ኤንኤፍሲ (ስልክ በጣም ተጠግቶ የሚያነብበት የሬዲዮ ዘዴ) በ13.56 ሜጋኸርዝ ነው የሚሠራው፤ ከቆዳ ሥር ያለው ቺፕ በ134.2 ኪሎኸርዝ ነው። በስልክ የሚነበቡት ኤንኤፍሲ ወይም ኪውአር ያለባቸው የአንገት ታጎች ናቸው። እነሱም ኢንተርኔት፣ የሚሠራ ድረ ገጽና አንዳንዴም ያልተቋረጠ ክፍያ ይፈልጋሉ። በጀርባው ቁጥር በግልጽ ከተቀረጸበት ኪውአሩ ጥሩ ተጨማሪ ነው፤ ቁጥር የሌለበትን ግን አንመክርም። የጂፒኤስ ማሰሪያ ፍለጋውን ያፋጥናል፣ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ። ኤርታግ የሚባለው የአፕል ትንሽ መፈለጊያና መሰሎቹ በአቅራቢያቸው የሚያልፍ የሰው ስልክ ካላገኙ ያሉበትን አያሳውቁም፤ ሰው በማያልፍበት ሜዳ የጠፋ ውሻ ላይ አይተማመኑባቸው።

ውሻው የጠፋ ቀን ለመዝገቡ ደውለው «ጠፍቷል» ተብሎ ምልክት እንዲደረግበት ያድርጉ፤ ባለ 15 አኃዙን ቁጥር ከፎቶው ጋር ለአካባቢው ክሊኒኮችና መጠለያዎች ይላኩ። ውሻ ከሌላ ሰው ሲቀበሉ ደግሞ ታጉን መቀየር ሁሉም ያስታውሳል፤ ቺፑን ግን ይረሱታል። የቀድሞው ባለቤት መዝገቡ ላይ ስሙን እስኪያዛውር ድረስ፣ ውሻው ጠፍቶ ሲገኝ የሚደወለው ለእሱ ነው፤ በክርክር ጊዜም በወረቀት የሚታየው ባለቤት እሱ ነው። የማዛወሪያውን ፎርም ውሻውን በሚረከቡበት ቀን አብረው ተቀምጠው ይሙሉ።